የማሙሽ አጎዛ፦ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የመጣ የአንድ ውሻ ጉዳይ

ስልኩ የተደወለው ነሐሴ 2016 ላይ ነው። ማክሰኞ ጠዋት። ደሴ ጉም ወርዶባት ጦሳ ተራራ እንኳን አይታይም ነበር።

“ልጄ፣ የውሻ ፀጉር የምትሠሪው አንቺ ነሽ?” አሉኝ አንዲት እናት።

“አዎ እማማ፣ እኔ ነኝ።”

“እኛ ኮምቦልቻ ነን። ትንሽ ተቋጥሮበታል፤ አንድ ሁለት ቦታ። ስንት ነው የምትይው?”

ፎቶ ላኩልኝ አላልኩም። ከተበጠረ ስንት ጊዜው ነው ብዬም አልጠየቅኩም። 600 ብር አልኳቸውና ለሐሙስ ተቀጣጠርን። በዚህ ጉዳይ የመጀመሪያው ስህተቴ ይሄ ነው።

ሥራውን ለማታውቁት ትንሽ ልበል። እኔ የሴቶች ፀጉር ሠሪ ነበርኩ፤ አሁንም ነኝ። እዚሁ ደሴ፣ ፒያሳ አካባቢ ሳሎን ተቀጥሬ ሹሩባ እሠራ ነበር። በ2014 ጦርነቱ ደሴ ሲደርስ አዲስ አበባ ሄድኩና ዓመት ከምናምን ቆየሁ። አንድ የእንስሳት ክሊኒክ ውስጥ ውሻ አጣቢ ሆኜ ገባሁ። ሥራውን የተማርኩት እዚያ ነው። ስመለስ ሁለት ቶንዶስ፣ አምስት ምላጭ፣ የብረት ማበጠሪያና አንድ ጠረጴዛ ይዤ መጣሁ። ቧንቧ ውሃ ሰፈር ከተከራየሁበት ቤት ጀርባ ያለችውን ክፍል ለውሾች አደረግኳት። በሳምንት ሁለት ቀን ውሻ፣ አራት ቀን ሰው እሠራለሁ። ደሴ ላይ በውሻ ብቻ አይኖርም። እዚህ ያለው አብዛኛው ውሻ ግቢ የሚጠብቅ የሀበሻ ውሻ ነው። ፀጉሩ አጭር ስለሆነ እኔን አይፈልግም። የሚመጡልኝ ጀርመን ሸፐርድ ያላቸው የሆቴል ባለቤቶች፣ ከውጭ የተመለሱ ሰዎችና ከአዲስ አበባ “የፈረንጅ ውሻ” ገዝተው የመጡ ወጣቶች ናቸው።

ይሄን ጉዳይ ከሌሎቹ መርጬ የምጽፈው ብዙ ስላስተማረኝ ነው። ቤተሰቡን አስፈቅጃለሁ፤ ስማቸውን ግን አልጠቅስም።

ካርቶኑ

ሐሙስ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ተኩል ላይ በሩ ተንኳኳ። እማማ ቆመዋል። ከኋላቸው 13 ዓመት ገደማ የሆነው የልጅ ልጃቸው አለ። ልጁ በገመድ የታሰረ የዘይት ካርቶን አቅፏል። ሁለት ሚኒባሶች “ውሻ አንጭንም” ብለዋቸው፣ ሦስተኛው የአንድ ሰው ሒሳብ አስጨምሮ ነው ያመጣቸው። መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው፤ ግን የሐረጎን ዳገት መውጣት አለ። ኮምቦልቻ ከባሕር ጠለል በላይ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ደሴ ደግሞ 2,500 አካባቢ። ከሙቀት ወደ ብርድ ነው የሚመጣው። ይሄ በኋላ ጣጣ አመጣብን።

ካርቶኑ ሲከፈት ቀድሞ የመጣው ሽታው ነው። እርጥብ ፎጣ ተጠቅልሎ ሳምንት ሲቀመጥ እንደሚሸተው ነው። ነጭ መሆን የነበረበት ውሻ የቦርከናን የክረምት ውሃ መስሏል። ዓይኑ አይታይም። ጭራው ከቂጡ ፀጉር ጋር ተጣብቆ ቀርቷል። መሬት ላይ ሳወርደው በጣም አጫጭር እርምጃ ተራመደ፤ ልክ ጠባብ ጉርድ ቀሚስ እንደለበሰ ሰው።

ማበጠሪያዬን ጀርባው ላይ አሳረፍኩ። አልገባም። በጎኑ ሞከርኩ፤ አልገባም። በጣቶቼ ቆዳውን ፈለግኩ፤ አላገኘሁትም። ባና ታውቃላችሁ አይደል? የበግ ፀጉር ውሃ እየተረጨ፣ እየታሸ፣ እየተረገጠ ጥቅጥቅ የሚለው? ይሄ ውሻ ሕይወት እያለው ባና ሆኗል። “አንድ ሁለት ቦታ” የተባለው ከጆሮው እስከ ቁርጭምጭሚቱ አንድ ወጥ ቁራጭ ነበር።

የመጀመሪያ ስሜቴ ንዴት ነው፤ አልደብቅም። “እስከዚህ ሲደርስ የት ነበራችሁ?” የሚለው ቃል አፌ ላይ ደርሶ ተመለሰ። እንኳንም ተመለሰ።

እንዴት እዚህ ደረሰ?

ውሻው የእማማ አይደለም፤ የልጃቸው ነው። ልጅቷ በ2009 በተመረቀው የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ትሠራ ነበር። አንድ የውጭ ዜጋ የሥራ ባልደረባዋ ወደ አገሩ ሲመለስ ቡችላውን ለእሷ ትቶላት ሄደ። ፑድል የተዳቀለበት፣ ፀጉሩ ጥቅልል የሆነ ትንሽ ውሻ ነው። እሷ ማክስ አለችው። እማማ ግን ማሙሽ ነው የሚሉት። እኔም ማሙሽ እለዋለሁ።

ልጅቷ ከ11 ወር በፊት ኩዌት ሄደች። ስትሄድ “እማዬ፣ አደራ” አለች።

እማማ ደግሞ የሚሰግዱ ሰው ናቸው። እርጥብ ውሻ ከነካቸው የነካቸውን ቦታ ሰባት ጊዜ ማጠብ አለባቸው፤ አንዱን በአፈር። በቀን አምስት ጊዜ ለሚሰግድ ሰው ይሄ ቀላል አይደለም። ስለዚህ ማሙሽ ግቢ ውስጥ መጠለያ ተሠራለት። ምግብ በሰዓቱ ይሰጠዋል። ውሃው በየቀኑ ይቀየራል። “የአላህ ፍጡር ነው። ውሻ ያጠጣ ሰው ምሕረት አግኝቷል” አሉኝ እማማ። የሚነካው ሰው ግን ጠፋ። ክረምቱ ገባ፤ ፀጉሩ ጠዋት ይረጥባል፣ ማታ ይደርቃል።

የፑድል ፀጉር እንደ ሌላው ውሻ እየረገፈ አይወድቅም። እንደ ሰው ፀጉር እያደገ ይሄዳል። የሞተው ፀጉር እዚያው ውስጥ ይቀርና ከሚያድገው ጋር ይጠላለፋል። ካልተበጠረ ከሁለት ሦስት ወር በኋላ መቋጠር ይጀምራል። ውሃ ሲነካው ይጠብቃል፣ ሲደርቅ ይጨመድዳል። በላዩ ላይ ግቢው ውስጥ የበቀለው ጭጎጎት አለ።

ይሄን ስሰማ ንዴቴ ወጣልኝ። ቸልተኛ ሰው አልነበረም ፊቴ የተቀመጠው። በማትችለው ነገር አደራ የተቀበለች እናት ናት።

ከመንካቴ በፊት

ሁልጊዜ የምጠይቃቸው ሦስት ጥያቄዎች አሉኝ። ክትባት አለው? ነክሶ ያውቃል? ሰውነቱ ላይ ምን ተደርጎበታል?

ልጁ የክትባት ደብተሩን ከኪሱ አወጣ። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ሁለት ጊዜ ተከትቧል፤ ግን የመጨረሻው ጊዜው አልፏል። ነክሶ አያውቅም። ከግቢም አይወጣም። ሦስተኛው መልስ ነው ያስደነገጠኝ። ከወር በፊት መዥገር ሲበዛበት ጎረቤት ለከብት የሚረጨውን ዲያዚኖን በጥብጦ አጥቦታል። በዚያ ቀን ምራቁ ሲዝረከረክና ሲንቀጠቀጥ ዋለ። ማግስቱ ተሻለው።

ይሄን ለሁሉም ውሻ አሳዳጊ ደጋግሜ የምናገረው ነው። ያ መድኃኒት የመዥገሩን ነርቭ ነው የሚያጠቃው፤ የውሻውንም ያጠቃል። መጠኑን በግምት በጥብጦ ስድስት ኪሎ በሚመዝን፣ ሰውነቱን በሚልስ እንስሳ ላይ ማፍሰስ ሊገድለው ይችላል። ማሙሽ የተረፈው በዕድል ነው።

ስለዚህ ሥራ አልጀመርኩም። ባጃጅ ጠርተን ወደማውቀው የእንስሳት ሐኪም ሄድን። ሐኪሙ ልቡን አዳመጠው፤ ድዱን አየው፤ ማጠናከሪያ ክትባቱንም ወጋው። ቀድሞ የተከተበ ውሻ ማጠናከሪያ ሲወስድ ሰውነቱ ቶሎ ያስታውሳል። ጨርሶ ያልተከተበ ቢሆን ኖሮ ያን ቀን አልሠራውም ነበር። “ማደንዘዣ እንስጠው?” ብዬ ጠየቅኩት። “ከወር በፊት ያንን መድኃኒት የቀመሰ ውሻ ነው። ከቻልሽ ነቅቶ ይሁን፤ ካልታገሰሽ አምጪው” አለኝ።

“ልጄ ምን ትለኛለች?”

ስንመለስ ከባዱ ነገር መጣ። ለእማማ መላጨት እንዳለበት መንገር።

ቋጠሮ በእጅ ሊፈታ ይችላል። የሹሩባ ሰው ነኝ፣ ትዕግሥቱ አለኝ። አንድ ሁለት ቋጠሮ ቢሆን በጣቴ እየተነተንኩ፣ በማበጠሪያው ጫፍ እያላቀቅኩ እፈታው ነበር። ሙሉ ሰውነት ግን ሌላ ነው። እያንዳንዱ ጉተታ ቆዳውን ይስባል። ሁለት ቀን ሙሉ ማሠቃየት ይሆናል፤ መጨረሻ ላይም ፀጉሩ ተበጣጥሶ ያልቃል።

“ከሥሩ መነሳት አለበት እማማ” አልኩ።

ፊታቸው ተለወጠ። “አይ ልጄ። በፍጹም። ዓርብ ዓርብ በኢሞ ትደውላለች። መጀመሪያ የምትለኝ ‘እስኪ ማክስን አሳዪኝ’ ነው። በሩቁ ነው የማሳያት። ራቁቱን ካየችው ምን ትለኛለች?” ዓይናቸው እንባ ሞላ።

ምን ልበላቸው? ስለ ቆዳና ስለ ደም ዝውውር ማውራት ጥቅም የለውም። ከእሳቸው ራስ ጀመርኩ። “እማማ፣ ልጅ ሆነው ሹሩባ ሲሠሩ፣ ሠሪዋ አጥብቃ የሠራችዎት ቀን ትዝ ይልዎታል? ግንባርዎ ተወጥሮ፣ መተኛት አቅቶዎት?”

“እንዴት አይለኝ። ሌሊቱን ሳለቅስ ነው ያደርኩት።”

“እሱ አሁን በሙሉ ሰውነቱ እንደዚያ ነው። ሲቀመጥም፣ ሲተኛም፣ እግሩን ሲያነሳም። ወራት ሆኖታል።”

ዝም አሉ። ከዚያ ሻሻቸውን ወደ ኋላ ገፋ አድርገው ግንባራቸውን ዳሰሱ። “ደውልላት” አሉት ልጁን።

ኔትወርኩ እየተቆራረጠ ልጅቷ ተገኘች። የሥራ ሰዓት ላይ ስለነበረች በሹክሹክታ ነው የምታወራው። “እባክሽ እህቴ፣ ትንሽ ትንሹን ብቻ ቁረጪው” አለች። አልተከራከርኳትም። ካሜራውን ወደ ማሙሽ ብብት አዞርኩት። የፊት እግሩን በቀስታ ከፍ ሳደርግ የጎኑ ቆዳ አብሮ ሲነሳ ታየ። በዚያ በኩል ለረዥም ጊዜ ድምፅ አልነበረም። ኔትወርኩ የተቋረጠ መሰለኝ።

“ላጪው” አለች። “እማዬን ደግሞ አብሽሪ በያት።”

አጎዛው

መጀመሪያ አላጠብኩትም። ብዙ ሰው ይሄ ይገርመዋል፤ ቆሻሻ ውሻ ሲያይ ውሃ ነው የሚታየው። የተቋጠረ ፀጉር ግን ከታጠበ ይብሱን ይጠብቃል፤ ውስጡም ሳይደርቅ ይቀርና ቆዳው ይበሰብሳል። ደረቁን መነሳት አለበት።

ቁጥር 10 ምላጭ ገጠምኩ። ይሄ ምላጭ ከቆዳው ላይ 1.5 ሚሊ ሜትር ገደማ ፀጉር ያስቀራል። ቁጥሩ ሲጨምር የሚቀረው ያጥራል፤ ለእንዲህ ዓይነት ሥራ ከ10 በላይ አልደፍርም። ከአንገቱ ሥር ጀመርኩ። በግራ እጄ ቆዳውን እወጥራለሁ፣ በቀኜ ቶንዶሱን ጋደም አድርጌ ከቋጠሮው በታች አስገባለሁ። ጥበቡ ሁሉ ያለው ግራ እጅ ላይ ነው። ቋጠሮው ቆዳውን ወደ ውስጡ ስቦ እንደ ድንኳን ያቆመዋል። ያንን ያልወጠረ ሰው ፀጉር የቆረጠ እየመሰለው ሥጋ ይቆርጣል። ቤት ውስጥ በመቀስ የሚሞክሩ ሰዎች ውሾቻቸውን የሚያቆስሉት በዚህ ነው።

ምላጭ ይሞቃል። በየጥቂት ደቂቃው የእጄ አንጓ ውስጠኛው ላይ አሳርፌ እለካዋለሁ። እኔን ካቃጠለኝ እሱንም ያቃጥለዋል። ሁለት ምላጭ እያፈራረቅኩ ነው የሠራሁት፤ አንዱ ሲሞቅ ሌላው ሰሐን ላይ ይቀዘቅዛል። 20 ደቂቃ እንሠራለን፣ እናርፋለን። ልጁ ከፊቱ ቆሞ በጓንት አገጩን ይዞለታል። “ማሙሽ፣ አይዞህ፣ አለቀ” ይለዋል። አላለቀም ነበር።

5 ሰዓት ተኩል ላይ መብራት ጠፋ።

በባትሪ የሚሠራው ሁለተኛው ቶንዶሴ አቅሙ ደካማ ነው። እንዲህ ላለ ጥቅጥቅ ፀጉር ይደክማል። ግን ግማሹ የተላጨ ውሻ ይዤ መብራት ልጠብቅ አልችልም፤ ብርድ ነው። ከኮምቦልቻ ሙቀት የመጣ ነው፣ የደሴ ነሐሴ ነው፣ ያለ ፀጉር ነው። መንቀጥቀጥ ጀመረ። በፎጣ ጠቀለልነው። እማማ የለበሱትን ጋቢ አውልቀው ለልጁ ሰጡት፤ “አልብሰው፣ እኔ አጥበዋለሁ” አሉ። ያን ጋቢ ሰባት ጊዜ እንደሚያጥቡት ሁለታችንም እናውቃለን።

በዚያ ደካማ ቶንዶስ ስሠራ ነው ጥፋት ያጠፋሁት። ከኋላ እግሩና ከሆዱ መካከል ያለችው ቀጭን የቆዳ እጥፋት አለች። ቶንዶሱ ሲጎትት እኔም ገፋሁ። ማሙሽ ሲጮህና ደም ሳይ አንድ ሆነ። የጣት ጥፍር የምታክል ቁስል ናት። በንጹሕ ጨርቅ ተጭኜ ያዝኩት። ቶሎ ቆመ። ለእማማ ወዲያው ነገርኳቸው፤ ቁስሉንም አሳየኋቸው። መደበቅ ይቻል ነበር፤ ፎጣ ውስጥ ነው ያለው። ግን ነገ ቁስሉን ሲያገኙት ያልነገርኳቸውን ሌላ ነገር ሁሉ ይጠራጠራሉ። ከዚያ በኋላ መብራት እስኪመጣ የእጥፋት ቦታዎችን አልነካሁም። ለስላሳውን ጀርባ ብቻ ሠራሁ። እንደዚያ ማድረግ የነበረብኝ ከመጀመሪያው ነው።

መብራቱ 7 ሰዓት ላይ መጣ።

ጆሮ የመጨረሻው ነው፤ እጅግ የምፈራውም እሱን ነው። ከባድ ቋጠሮ ጆሮው ላይ ለወራት ሲንጠለጠል ደሙ በደንብ አይዘዋወርም። ሲቆረጥለት ደሙ በአንዴ ይመለሳል፤ ያሳክከዋል፤ ውሻው ራሱን አጥብቆ ያራግፋል። በዚህ ጊዜ ውስጥ ያለች የደም ሥር ፈንድታ ጆሮው እንደ ፊኛ ሊነፋ ይችላል። ስለዚህ ግራውን እንደጨረስኩ ያረጀ ስቶኪንግ ቆርጬ እንደ ሻሽ አለበስኩትና ጆሮዎቹን ከራሱ ጋር ያዝኩለት። ልጁ ሳቀ። “እማማን መሰለ” አለ። እማማም ሳቁ። በዚያ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ።

ከጀርባውና ከጎኑ የወረደው ፀጉር ሳይበታተን አንድ ላይ ነው የተነሳው። ወለሉ ላይ ሳነጥፈው የአራቱ እግሮቹ ቅርጽ ሳይቀር ይታያል። አጎዛ ነው። ትንሽ አጎዛ። በወጥ ቤት ሚዛን መዘንነው፤ ግማሽ ኪሎ ሊሞላ ጥቂት ነው የቀረው። ስድስት ኪሎ ለሆነ ውሻ ምን ማለት እንደሆነ አስቡት።

እማማ ጎንበስ ብለው ለረዥም ጊዜ አዩት። “ይሄን ሁሉ ተሸክሞ ነው በር ላይ የሚቀበለኝ የነበረው?” አሉ።

ከሥሩ የተገኘው

ፀጉር ሲነሳ የተደበቀው ይወጣል። በብብቱ ውስጥ ቀይ፣ እርጥብ፣ ቆዳው የተላጠ ቁስል አለ። በጣቶቹ መካከል ጭቃና ፀጉር ተጋግሮ እንደ ጠጠር ደርቋል፤ በጠጠር ላይ ነበር የሚራመደው። ከጠጠሮቹ ሥር ደግሞ መዥገሮች።

የባሰው ግን ጥፍሩ ነው። ውሾች ከፊት እግራቸው በውስጥ በኩል ከፍ ብላ የምትገኝ፣ መሬት የማትነካ እንደ አውራ ጣት ያለች ጥፍር አለቻቸው። መሬት ስለማትነካ አትበላም። የማሙሽ የግራዋ ዞራ ሥጋው ውስጥ ገብታለች።

መቁረጫዬን አንስቼ መልሼ አስቀመጥኩት። የሌሎቹን ጥፍሮች ጫፍ ጫፋቸውን ቆረጥኩ። ጥቁር ጥፍር ውስጥ ያለው የደም ሥር አይታይም፤ ስለዚህ እንደ ሽንኩርት በስሱ ነው የሚቆረጠው። መሐሉ ላይ እርጥብ የምትመስል ነጥብ ስትታይ ማቆም ነው። ሥጋ ውስጥ የገባችውን ግን አልነካኋትም። እሷ የሐኪም ናት። በዚህ ሙያ ትልቁ ፈተና እጅን መሰብሰብ ነው፤ ሰው ፊትሽ ቆሞ “አንቺው አውጪያት፣ እሱ ያስከፍለናል” ሲልሽ በተለይ። ወደ ሐኪሙ ተመለስን። ቦታውን ብቻ አደንዝዞ አወጣት፤ የብብቱን ቁስልና እኔ ያቆሰልኩትን አጸዳ፤ መድኃኒት ሰጠ። እኔ ላቆሰልኩት የሐኪሙን ሒሳብ የከፈልኩት እኔ ነኝ።

ያን ቀን ገላውን አላጠብኩትም። ፊቱንና እግሮቹንም አልጨረስኩም። እንደ ክብ ዳቦ ያለ ራስ፣ የተላጨ ገላና አራት ወፋፍራም እግሮች ይዞ ነው የሄደው። አያምርም። ግን ውሻው ደክሞ ነበር፤ እኔም እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። የደከመ እጅ ምን እንደሚያደርግ ደግሞ አይቻለሁ። የአሮጌ ሹራቤን እጅጌ ቆርጬ፣ ሁለት ቀዳዳ ለእግሩ አውጥቼ አለበስኩት። እጅጌዋ ልክክ አለችለት።

ወደ በሩ ሊወጡ ሲሉ ልጁ መሬት ላይ አወረደው። ማሙሽ ትንሽ ቆመ። ከዚያ የፊት እግሩን ወደ ፊት ዘረጋ፤ ጠዋት እንደነበረው አጭር ሳይሆን ሙሉ እርምጃ። ግራ የተጋባ መሰለ። ደገመው። ከዚያ በዚያ እርጥብ ግቢ ውስጥ በሹራብ እጅጌ ዙሪያውን ሮጠ፤ አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ። የቤቱ ባለቤት እትዬ ሳይቀሩ ከወጥ ቤት ወጥተው አዩት። እሳቸው የውሻ ፀጉር ፍሳሹን ይዘጋል ብለው በየሳምንቱ የሚቆጡኝ ሰው ናቸው። ያን ቀን ምንም አላሉም።

ዋጋው

ከጠዋት እስከ ማታ ሄደ። የሐኪም ቤቱ ምልልስ ሲቀነስ ቶንዶሱ ላይ ብቻ አራት ሰዓት ተኩል ቆሜያለሁ። አንድ ምላጭ ደነዘ። የተስማማነው 600 ብር ነው፤ የባጃጁንና የሐኪሙን ሳወጣበት ከእጄ የቀረው ትንሽ ነው። በዚያ ሰዓት ሳሎን ውስጥ ሁለት ሹሩባ እሠራ ነበር። እማማ ጨምረው ሊሰጡኝ ፈለጉ፤ እኔ በቃሌ ጸናሁ። ዋጋውን ሳላይ የተናገርኩት እኔ ነኝ።

አሁን በስልክ ዋጋ አልናገርም። ፎቶ አስልካለሁ፤ ማበጠሪያው እስከ ቆዳው ይገባል ወይ ብዬ እጠይቃለሁ። ከዚያ “ከዚህ እስከዚህ ነው፤ ውሻውን ሳየው እቆርጥልዎታለሁ” እላለሁ። ለተቋጠረ ውሻ የማስከፍለው በሰዓት ነው። መላጨት የግድ ከሆነ ቁስል ሊገኝ እንደሚችል፣ ትንሽ ጭረትም ሊያጋጥም እንደሚችል ሥራው ሳይጀመር እነግራለሁ። አንዳንዱ ሰው ዋጋውን ሰምቶ ይዘጋብኛል። ይዝጋ። በርካሽ ተቀብዬ በችኮላ የማቆስለው ውሻ ይብሳል።

ቀጣዩ

የእኔ ሥራ በመላጨት ቢያበቃ ኖሮ ማሙሽ በሚቀጥለው ክረምት ሌላ አጎዛ ለብሶ ይመጣ ነበር። ፀጉሩ ያድጋል፤ እማማም ይሰግዳሉ። ሁለቱም አይለወጡም።

እኔ የእሳቸውን ሃይማኖት አልከተልም፤ ግን ወሎ ነው ያደግኩት። እንዲህ ዓይነት ነገር ላይ ምክር አልሰጥም። የሙያዬን ብቻ ነገርኳቸው፦ ፀጉሩ የሚበጠረው ደረቅ ሆኖ ነው፣ ከመታጠቡ በፊት፤ እርጥብ ሆኖ ከተጎተተ ይበጣጠሳል፣ ይቋጠራልም። ከዘጠኝ ቀን በኋላ ለቀሪው ሥራ ሲመጡ እማማ ፊታቸው በርቶ ገቡ።

“ሸኹን ጠየቅኳቸው። ደረቅ በደረቅ ከሆነ አይከፋም አሉኝ። ያንቺው ነገር ነው እኮ!”

ደስታዬን ልነግራችሁ አልችልም። ሁለቱ ሕጎች አንድ ቦታ ተገናኙ። ያን ቀን እግሩንና ፊቱን ጨረስኩ። ለብ ባለ ውሃና በውሻ ሻምፑ አጠብኩት። የልብስ ሳሙና ዱቄት እንዳይጠቀሙ ነገርኳቸው፤ ቆዳውን ያደርቀዋል። በፎን ዝቅተኛ ሙቀት፣ በጣቴ እየበተንኩ አደረቅኩት። ከዚያ እማማ የጎማ ጓንት አድርገው፣ ጠረጴዛው አጠገብ ቆመው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ማሙሽን አበጠሩት። እጃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር። ማሙሽ ዓይኑን ጨፈነ። ፀጉሩ ገና የጣት ስፋት እንኳን አልሞላም፤ የሚበጠር ነገርም አልነበረውም። ቢሆንም ሩብ ሰዓት አበጠሩት።

ሥራውን ተከፋፈሉ። ከዝናብ የገባ ቀን ልጁ በፎጣ ያደርቀዋል። ማክሰኞና ቅዳሜ፣ ከደረቀ በኋላ፣ እማማ በጓንት ያበጥሩታል፤ በተለይ ከጆሮው ጀርባ፣ ብብቱንና ከጭራው ሥር። መጀመሪያ የሚቋጠሩት እነሱ ናቸው። መዥገር ቢታይ ለከብት የሚረጨውን አይነኩም፤ ሐኪሙ በኪሎው ልክ የሰጣቸው አለ። በየስድስት ሳምንቱ እኔ ጋ ይመጣል። ለልጁ አንድ ነገር አስተማርኩት፦ “ሲሚንቶ ላይ ሲራመድ ጥፍሩ ቷ ቷ ካለ ረዝሟል ማለት ነው። ጆሮህን ጣልበት።”

ልጅቷ በዓርብ ኢሞ መጀመሪያ ስታየው አለቀሰች፤ እማማ ናቸው የነገሩኝ። በኋላ ግን የምትጠይቀው ተለወጠ። “ማክስን አሳዪኝ” ማለቷን ትታ “እግሩን አንሺልኝና ብብቱን አሳዪኝ” ትላለች።

በኅዳር አንድ ጠዋት ሳሎን ውስጥ ሹሩባ እየሠራሁ ስልኬ ጠራ። እማማ ናቸው። ድምፃቸው ቸኩሏል።

“ልጄ፣ ሱብሒ ሰግጄ ቁጭ ብያለሁ። ማሙሽ በረንዳው ላይ ይመላለሳል። ቷ፣ ቷ፣ ቷ ይላል። ስድስት ሳምንቱ አልሞላም፤ ግን እኔ እየሰማሁት ነው። ላምጣው?”

“ያምጡት እማማ” አልኳቸው።